ድራማው ያደበላለቀው፣ ፊቅህ የለየው፦ ኹንሣ፣ ሙኸነስ እና የኢማሙ መልስ

ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭቱን ከጀመረ ወዲህ ወደ አማርኛ የተመለሱ የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች የብዙ ቤተሰብ የምሽት ጓደኛ ሆነዋል። የሳተላይት ሳህንና የእጅ ስልክ በሩን ይበልጥ አስፍተውታል። ከጀማ ሸለቆ ማዶ ባለችው በመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማም ቢሆን ወጣቱ የፓኪስታንን ወይም የአሜሪካን ድራማ በስልኩ ከፍቶ ለማየት የሚያግደው የለም። ከእነዚህ ድራማዎች መካከል ጾታው ሳይለይ የተወለደን፣ ወይም ወንድ ሆኖ ተወልዶ እንደ ሴት የሚኖርን ገጸ ባሕርይ የሚያሳዩ አሉ። ተመልካቹም ያየውን ይዞ ወደ መድረሳ ይመጣና «ይህ ሰው በዲናችን ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንወደው ጥያቄው አንድ ቢመስልም ውስጡ ሦስት መሆኑን፣ ሦስቱን አለመለየትም በሰው ሕይወት ላይ ጉዳት የሚያስከትል መሆኑን ነው።

በቅድሚያ ድራማዎቹን እንመልከት። በፓኪስታን ኤአርዋይ ዲጂታል ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2016 መታየት የጀመረው «ኹዳ ሜራ ቢ ሄ» ጾታው ያልተለየ ልጅ የወለደች እናት፣ ልጁን ከማይቀበሉት ወገኖቿ ጋር የምታደርገውን ትግል ይተርካል። በምዕራቡ ዓለም ፊልሞች ደግሞ እንዲህ ያለው ገጸ ባሕርይ ለብዙ ዘመን ወይ መሳቂያ፣ ወይ ወንጀለኛ፣ ወይ ተገዳይ ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን ስሜቱን ተከትሎ ራሱን ያገኘ ጀግና ተደርጎ መሣል ጀምሯል። በእኛም አገር ቀሚስ ለብሶ የሚያስቅ ወንድ ተዋናይ እንግዳ አይደለም። እንግዲህ የመጀመሪያው የተፈጥሮ ጉዳይ፣ ሁለተኛው የምርጫና የስሜት ጉዳይ፣ ሦስተኛው የቀልድ ጉዳይ ነው። ተመልካቹ ግን ሁሉንም በአንድ ዓይን ያያል፤ «ፍናፍንት» እና «ሴታሴት» የሚሉትንም ቃላት እያፈራረቀ ለስድብ ያውላቸዋል።

ፉቀሃዎች እንዲህ አላደረጉም። በመጀመሪያ «ኹንሣ» ያሉት የወንድም የሴትም አካል ያለውን ወይም ሁለቱም የሌሉትን ሰው ነው። ሽንቱ ከሚወጣበት፣ ለአቅመ አዳም ወይም ሔዋን ሲደርስም ከሚታዩት ምልክቶች ጾታውን ይለዩ ነበር። ምልክቱ ያልለየውን «ኹንሣ ሙሽኪል» ብለው በሶላት ከወንዶች ሰፍ ኋላ፣ ከሴቶች ሰፍ ፊት አቆሙት። በውርስም አልዘነጉትም። በወሎና በአካባቢው ከሚቀሩት መዝሀቦች በሐነፊ ከሁለቱ ድርሻ አነስተኛውን ይወስዳል፤ በሻፊዒ እርግጠኛ የሆነው ተሰጥቶ ቀሪው ጉዳዩ እስኪለይ ይቆያል። ሰፍና ድርሻ የተቀመጠለት ሰው ከጀመዓው የተቆጠረ ሰው መሆኑን ልብ ይሏል።

በሁለተኛ ደረጃ «ሙኸነስ» አካሉ የወንድ ሆኖ አነጋገሩና አረማመዱ የሴት የሚመስል ነው። ቡኻሪ ከኢብን ዐባስ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሴቶችን የሚመስሉ ወንዶችንና ወንዶችን የሚመስሉ ሴቶችን ረግመዋል። ኢማም አን-ነወዊ ግን የሙስሊምን ሐዲሶች ሲያብራሩ ሁለት ዓይነት ሙኸነስ እንዳለ ይገልጻሉ፦ ተፈጥሮው እንዲያ የሆነና አስመሳይ። በፊተኛው ላይ ወቀሳም፣ ኃጢአትም፣ ቅጣትም የለም፤ ርግማኑ ሆን ብሎ ለሚያስመስለው ነው። አቡ ዳውድ እንደዘገቡትም እጁንና እግሩን ሒና የተቀባ ሙኸነስ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቀረበ ጊዜ ከመዲና እንዲርቅ አደረጉ፤ ይገደል ወይ ተብለው ሲጠየቁ ግን ሰጋጆችን ከመግደል መከልከላቸውን ተናገሩ። ድርጊቱ ተነቀፈ፤ ነፍሱ ግን ተጠበቀች።

ሦስተኛው የዘመናችን ጉዳይ ነው፤ አካሉ ተሟልቶ ሳለ ጾታውን በቀዶ ሕክምና መለወጥ የሚሻ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1988 በግብፅ የአዝሀር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ የነበረችው ሳሊ ይህን በማድረጓ ብርቱ ክርክር ተነሳ። የዚያን ጊዜው ሙፍቲ ሸይኽ ሙሐመድ ሰይድ ጠንጣዊ የሰጡት ፈትዋ ሐኪም ያረጋገጠውን የተሸሸገ አካል ለመግለጥ ሕክምናን ሲፈቅድ፣ በምኞት ብቻ መለወጥን ከልክሏል። በመካ የሚገኘው የፊቅህ ምክር ቤትም በቀጣዩ ዓመት ተመሳሳይ ውሳኔ አሳለፈ። በአንጻሩ በኢራን አያቱላህ ኹመይኒ ከዚህ ሰፋ አድርገው ፈቅደዋል። በፓኪስታንም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሕግ ሰው በራሱ ስሜት ጾታውን እንዲወስን የሚፈቅዱ አንቀጾቹ በ2023 በፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤት ተሽረዋል፤ ፍርድ ቤቱ ግን የኹንሣን መብት አልነካም። እኛም የአብዛኞቹን ዑለማ ውሳኔ ሚዛኑን የጠበቀ ሆኖ እናገኘዋለን።

ይህ መለየት ለምን ያስፈልጋል? ጾታው በግልጽ ያልታወቀ ሕፃን ሲወለድ ወላጆች ከሐኪም አስቀድመው ኢማሙን ሊያማክሩ ይችላሉ። ኢማሙ ድራማው በተወው ስሜት «ይህ የዘመኑ ፈተና ነው» ቢል ቤተሰቡ ልጁን ይሸሽጋል። እንዲህ ሆነው ከሚወለዱት አንዳንዶቹ ከኩላሊት በላይ ያለው እጢ፣ ማለትም አድሬናል፣ በሚገባ የማይሠራላቸው ሴቶች ናቸው። ከእነዚህም ሰውነታቸው ጨው የሚያጣባቸው ካልታከሙ በተወለዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊሞቱ ይችላሉ፤ በወቅቱ ከታወቀ ግን ሕመሙ መድኃኒት አለው። ስለዚህ የመጀመሪያው ፈትዋ «ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ውሰዱት» የሚል ሊሆን ይገባል። ለመርሐቤቴ ሰው በዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል አለ፤ ከዚያም ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ ይቻላል። ቀዶ ሕክምናን በሚመለከት ግን መቸኮል አይገባም፤ ከአንድ በላይ ባለሙያ ይጠየቅ።

ድምፁ የቀጠነውን ተማሪ ጓደኞቹ በድራማ ገጸ ባሕርይ ስም ሲጠሩትም መምህሩ ዝም ማለት የለበትም። ሱረቱል ሑጁራት መሳለቅንና በመጥፎ ቅጽል መጠራራትን በግልጽ ከልክላለች። የአላህን ፍጥረት መለወጥ የተከለከለ መሆኑን የሚያስተምር መምህር፣ በአላህ ፍጥረት ማላገጥም የተከለከለ መሆኑን አብሮ ሊያስተምር ግድ ይለዋል። ሁለቱን ለያይቶ አንዱን ብቻ የሚያስተምር፣ ሳያውቀው ከድራማው ጋር ተባብሯል። ወላሁ አዕለም።