አንድ ንጉሥ በቀን

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዘጌና በደቅ በኩል ወደ ጎርጎራ የሚሻገረው ጀልባ ቁንዝላ ላይ ይቆማል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ተሳፋሪው ያንጎላጃል፣ ያወጋል፣ ቆሎ ይቆረጥማል። አንዳንዱ ግን ትከሻው ላይ ካንጠለጠለው የቆዳ ማኅደር ትንሽ ወፍራም መጽሐፍ ያወጣና ከንፈሩን ብቻ ማንቀሳቀስ ይጀምራል። ምን እንደያዘ የሚጠይቀው የለም። ዳዊት እየደገመ ነው።

ዳዊት ይደገማል እንጂ ይነበባል አይባልም። ይህ ግሥ ግን ዘመድ አለው፤ ድግምት የሚለው ቃል የወጣው ከዚያው ከ«ደገመ» ነው። «ዳዊት ደገመ» ሲባል ሰው ጸለየ ማለት ነው፤ «ዳዊት ደገመበት» ሲባል ደግሞ ጎረቤት ይደነግጣል። ልዩነቱ «በት» ብቻ ነች። አስማትም ቢሆን በግዕዝ ትርጉሙ «ስሞች» ማለት ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ደብተራ ክታብ ሲጽፍ የሚደረድራቸው የመላእክትና የአምላክ ስሞች ናቸው፤ ያንኑ መዝሙር ለየትኛው ጉዳይ ስንት ጊዜ እንደሚደግሙት የሚነግር «ገቢር» የሚባል ጽሑፍም አለ። ቤተ ክርስቲያን ይህን ታወግዛለች፤ ሰዉ ግን በልቡ ይፈራዋል። በተለይ 108ኛው መዝሙር፣ እርግማን የበዛበት፣ በደል ያንገበገበው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።

እንግዲህ ዳዊት ልጀምር የሚል ሰው የሚይዘው መጽሐፍ ይህ ነው። 150 መዝሙሮች በ15 «ንጉሥ» ተከፍለዋል፤ አንድ ንጉሥ 10 መዝሙር ነው። ከዚያ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ይከተላሉ። ጥራዙ በሙሉ ግን ዳዊት ይባላል። ሳምንቱን ሙሉ የሚያዳርስ ሰው ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150 ይደግምና እሑድን ለነቢያትና ለመኃልየ መኃልይ ይተዋል።

ድሮ ይህ የሚጀመረው በልጅነት ነበር። ልጁ የኔታ ዘንድ ፊደል ይቆጥራል፣ መልእክተ ዮሐንስን ይዘልቃል፣ ከዚያ ዳዊት ይገባል። በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እያለ ሲጨርስ ወላጆቹ ይደግሱለታል። ትርጉሙን ላያውቀው ይችላል። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፤ ዜማው ቀድሞ በጆሮ ያድራል፣ ትርጉሙ እንግዳ ሆኖ በኋላ ይመጣል። ዛሬ ጀማሪው አብዛኛውን ጊዜ ጎልማሳ ነው፤ የታተመ ዳዊት ከገበያ ይገዛል፣ ግዕዙ ከከበደው በአማርኛ ይደግማል፣ ካልሆነም ስልኩ ላይ ይከፍታል።

ቀጥሎ የነፍስ አባቱ ዘንድ ይሄዳል።

«አባ፣ ይፍቱኝ። ዳዊት ልጀምር ብዬ ነበር።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ። ስንት ሰዓት ትነሣለህ?»

ጥያቄው ተራ ይመስላል፤ ሁሉ ነገር ያለው ግን እዚያው ነው። ጀማሪ ሲባል ጉጉ ነው፣ ሰኞን በ30 መዝሙር መክፈት ያምረዋል፣ በሁለተኛው ሳምንት ማኅደሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ብልህ አባት የሚሰጠው ትንሽ ነው፤ ማልዶ ወደ ምሥራቅ መቆም፣ ማማተብ፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ ከቻለ አንድ ንጉሥ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች መቁጠሪያ አለ። 41 ፍሬ ያለው የጌታን ግርፋት ያስባል፣ 64 ፍሬ ያለው እመቤታችን በምድር የኖረችበትን ዕድሜ። በእነርሱ ፊት ዳዊት ደጋሚ ነኝ ብሎ መኩራራት የሚያስቅ ነገር ነው።

ለብቻ የሚጸለየው ጸሎት ለምን የሌላ ሰው ፈቃድ ይፈልጋል? ይህን ጥያቄ ሩቅ አገር ያሉ፣ እምነታቸው ከእኛ የማይገናኝ ሰዎችም ተጣልተውበታል። በእንግሊዝ አገር የጥንቆላ ሕግ በ1951 እ.ኤ.አ. ከተሻረ በኋላ፣ ጄራልድ ጋርድነር የሚባል ጡረተኛ የጉምሩክ ሹም በ1954 ባወጣው መጽሐፍ ዛሬ ዊካ የሚባለውን እምነት ለዓለም አስተዋወቀ። በእርሱ ሥርዓት ማንም ብቻውን አይጀምርም፤ ቀድሞ የገባ ሰው ተቀብሎ ያስገባዋል፣ አዲሱም የሥርዓቱን መጽሐፍ በእጁ ይገለብጣል። ደብተራውም ጥበቡን ለደቀ መዝሙሩ የሚያወርሰው በመገልበጥ ነበር። በ1988 ግን ስኮት ከኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ ለብቸኞች የሚሆን መመሪያ ጻፈ፤ ያን ያነበበ ሰው ሻማ አብርቶ በገዛ ክፍሉ ራሱን በራሱ ያስገባል። ነጻነት ነው፣ አልክድም። ግን «ስንት ሰዓት ትነሣለህ?» የሚለው የለም፤ ቂም ይዞ ሲቆምም «ዛሬስ 108ን እለፋት» የሚለው የለም።

ዳዊት ደጋሚ ብቻውን ቢሆንም ድምፁ ሩቅ ይሰማል። በሮም ከተማ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሲደግሙ የሰማ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ቄስ ቋንቋውን ከእነርሱ ተማረና በ1513 እ.ኤ.አ. መዝሙረ ዳዊትን እዚያው አሳተመ። በግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመ መጽሐፍ እርሱ ነው። ፖትከን ቋንቋውን ከለዳውያን ነው ብሎ ተሳስቶ ነበር፤ ፊደሉን ግን አልሳተም።

ጀልባው ወደ ቁንዝላ ሲጠጋ ሸክም ይነሣል፣ ሰው ይጣራል፣ ከዳር የቆሙት እጃቸውን ያውለበልባሉ። ባለ ማኅደሩ አይቸኩልም። ሁለት መዝሙር ይቀረዋል፤ ንጉሡ ሳይሞላ ማቋረጥ አይወድም።