«ሚሊዮን ቶን ከሰል ተገኘ» ሲባል ምን እንጠይቅ?



ከጎንደር የመጣን ብዙዎቻችን ጭልጋን እናውቃለን፤ ከመካከላችን እዚያ የተወለዱም አሉ። ከጎንደር ከተማ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በዚህ አገር፣ ከሸክላ አፈርና ከጥንት እሳተ ገሞራ አመድ ጋር ተነባብሮ የተኛ የድንጋይ ከሰል አለ። በኢሉባቦር ያዩ፣ በጅማ አካባቢም ደልቢና ሞዬ ከሰል መኖሩ የታወቀ ነው። የኢትዮጵያ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ለብዙ ዓመታት ከሰል ከውጭ ሲያስመጡ ስለኖሩ የአገር ውስጡ ከሰል ፈላጊ አለው።

ስለዚህ አንድ ቀን ዘመድ ደውሎ «በአገራችን ይህን ያህል ሚሊዮን ቶን ተገኘ፤ ገንዘብ ላኩና አክሲዮን እንግዛ» ቢለን አያስደንቅም። አዲስ ገቢ ቤተሰብ ከቤት ኪራይና ከልጆች ወጪ የተረፈችውን ሼቄል ከመላኩ በፊት ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይገባዋል።

መጠኑ እንዴት ይገመታል?

ባለሙያዎች ፈቃድ በተሰጠበት ቦታ ላይ በየተወሰነ ርቀት ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ በመሣሪያ ይቆፍራሉ። ከሰሉ በስንት ሜትር ጥልቀት እንደሚጀምርና ውፍረቱ ስንት እንደሆነ ይለካሉ። ከዚያም ስፋቱን በውፍረቱ፣ ውጤቱን ደግሞ በአንድ ሜትር ኩብ ክብደት ያባዛሉ። ለምሳሌ ስፋቱ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሜትር፣ የሜትር ኩቡ ክብደት 1.3 ቶን ቢሆን፣ ሒሳቡ 2,600,000 ቶን ይመጣል።

ነገር ግን የተቆፈሩት ሁለት ጉድጓዶች ብቻ ቢሆኑስ? በመካከላቸው ከሰሉ ሊሳሳ ወይም ጭራሹን ሊቋረጥ ይችላል። ጉድጓዶቹ በተቀራረቡ ቁጥር ግምቱ ይታመናል፤ በተራራቁ ቁጥር ተስፋ ብቻ ይሆናል። ያለው ሁሉም አይወጣም። ከላዩ የተከመረው አፈርና ድንጋይ ብዙ ከሆነ፣ እሱን ማንሻው ወጪ ከከሰሉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ጥራቱስ?

ይህን ብረት ቀጥቃጭ አባቶቻችን ያውቁታል። ከሰል ሁሉ አንድ አይደለም፤ እርጥቡ ወናፍ ቢነፋም ያጨሳል፣ የወይራው ግን ብረት ያግላል። በሬሆቮት በደጃቸው የምናልፋቸው ቤተ ሙከራዎች እንዳሏቸው ዓይነት ሚዛንና ምድጃም ያንኑ በቁጥር ይናገራሉ። ናሙናው ተመዝኖ ይደርቃል፤ የቀነሰው ክብደት እርጥበቱ ነው። ከዚያ ይቃጠላል፤ የቀረው አመዱ ነው። የሚሰጠው ሙቀት በካሎሪ ይለካል፤ ድኙም ይመረመራል። ከ100 ኩንታል 40ው አመድ ከሆነ፣ የመኪና ኪራይ ለአመድም ይከፈላል ማለት ነው። የጭልጋው ከሰል በአብዛኛው ሊግናይት የሚባለው ለጋ ከሰል ሲሆን፣ እርጥበትና አመድ ይበዛበታል።

ገንዘብ ከመስጠታችን በፊት እንጠይቅ፦

1. ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ? በምን ያህል ርቀት?
2. ናሙናውን የመረመረው ከኩባንያው ነጻ የሆነ ቤተ ሙከራ ነው?
3. እርጥበቱ፣ አመዱና ድኙ ስንት በመቶ ነው? ሙቀቱስ?
4. ካለው ውስጥ በትርፍ ሊወጣ የሚችለው ስንት ነው?
5. ፈቃዱ በማን ስም ነው? እስከ መቼ?

በ1997 ብሬ-ኤክስ የተባለ የካናዳ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ አገኘሁ ያለው ታላቅ የወርቅ ክምችት ሐሰት መሆኑ ታወቀ። በናሙናው ላይ ወርቅ ተጨምሮበት ነበር። አክሲዮን የገዙ ብዙ ሰዎች ገንዘባቸውን አጡ። ከእነዚያ ሰዎች መካከል የተማሩ፣ ባንክና ጠበቃ የነበራቸውም ነበሩ።

በዕብራይስጥ «ፔኻም» የሚለው ቃል ለእንጨት ከሰልም ለድንጋይ ከሰልም ያገለግላል። ዘመዶቻችንን አንጠራጠር፤ እነሱም የሰሙትን ነው የሚነግሩን። ለአምስቱ ጥያቄዎች መልስ በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ ግን ገንዘባችን በእጃችን ይቆይ።