የእናቴ ጀሪካን

እናቴ ቤት፣ በሩ አጠገብ፣ ከሌሎቹ ተለይታ የምትቀመጥ ባለ አምስት ሊትር ቢጫ ጀሪካን አለች። መያዣዋ ላይ ቀይ ክር ታስሮባታል። ለወጥም ለቡናም አትነካም። ውሃዋ የእናቴ እግር መታጠቢያ ነው።

እኔ የምኖረውም የምሠራውም ወላይታ ሶዶ ነው። እናቴ ያለችው ግን ዳሞት ጋሌ፣ ከቦዲቲ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። የዚያ አገር አፈር ቀይ ነው፤ ዝናብ ሲመታው እግር ላይ ይለጠፋል። እናቴ በባዶ እግሯ ኖራበታለች። እንሰት ስትፍቅ ሳንቃው ላይ የተዘረጋውን በአንድ እግሯ ደግፋ ትይዝ ነበር፤ ጓሮም ስትኮተኩት፣ ምንጭም ስትወርድ ያው ባዶ እግሯን ነበረች። ጫማ አጥታ አይደለም። ጫማዋ ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ይቀመጥ ነበር።

እግሯ ማበጥ የጀመረው እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። መጀመሪያ ያሳክካት፣ ማታ ማታ ያቃጥላት ነበር። ከዚያ እብጠቱ ማታ እየሞላ ጠዋት እየጎደለ ቆየ፤ በኋላ ጠዋትም መጉደሉን ተወ። ጎረቤቱ «ዝሆኔ» አለው። እርግማን ነው ያለም ነበር፤ ያ ቃል ከሕመሙ በላይ አንገቷን አስደፍቷታል።

ሐኪሞች ይህን ዓይነቱን ዝሆኔ ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ኢትዮጵያ ውስጥ በሽታውን ሲያጠና የኖረው እንግሊዛዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው፤ የ«እግር» እና የ«አቧራ» የግሪክ ቃላትን አጋጥሞ ነው የሠራው። በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት ከሚተላለፈው ሌላው ዝሆኔ የሚለየው ትልም ሆነ ተሕዋስ ስለሌለበት ነው። ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተገኘው ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ብናኞች በባዶ እግር ቆዳ ይገባሉ፤ ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣሉ፣ በጊዜ ብዛትም ይደፍናሉ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። «በዘር ነው» የሚሉት ሰዎች ግን ግማሽ እውነት ይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሞ የወጣ፣ የደቡብ ኢትዮጵያ ሕሙማን የተካተቱበት ጥናት ለአፈሩ የመቆጣት ተጋላጭነት በቤተሰብ እንደሚወረስ አሳይቷል። የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩ ከአፈሩ የተጠበቀ ሰው በሽታው አይዘውም። እኔና ወንድሞቼ ይህን የሰማነው ዘግይተን ነው።

እናቴን ታጠቢ፣ ተንከባከቢው ስንላት መልሷ አንድ ነበር፦ «ጊዜው ከየት ይምጣ?» በየጥቂት ሳምንቱ ደግሞ ሕመሙ ይነሳባት ነበር። እግሯ ይግላል፣ ብርድ ብርድ ይላታል፣ ለቀናት ከመደብ አትነሳም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ በዚሁ በወላይታ ላይ የተሠራ ጥናት አንድ ሕመምተኛ በዓመት ካለው የሥራ ቀን 45 በመቶውን እንደሚያጣ ገምቷል። ይህን ቁጥር ሳነብ ያሰብኩት ያንን መደብ ነው። ለእግሯ ጊዜ የለኝም ያለችው ሴት ግማሽ ሊሞላ ምንም ያልቀረውን ዓመቷን ለእግሯ እየከፈለች ነበር።

ሶዶ ውስጥ ሞሲ ፉት የሚባለው ፕሮጀክት ከተቋቋመ እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ በዞኑ ብዙ ሰው የእግር እንክብካቤ ተምሯል። እናቴም ተማረች። ነገሩ ቀላል ነው፦ በየቀኑ እግርን በሳሙና አጥቦ፣ ባለሙያዎቹ ባሳዩት መጠን በረኪና በገባበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ሌሊት እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት። ሆኖም የመጀመሪያዎቹን ወራት አልሠራችውም። ከፕሮጀክቱ ልትጠይቃት የመጣችው ሴት ራሷ ታማ የዳነች ነበረችና እግሯን ከማየቷ በፊት «እዚህ ቤት ውሃ የሚቀዳው ማነው?» ብላ ጠየቀች። የምትቀዳው እናቴ ነበረች። ውሃው ለወጥ፣ ለቡና፣ ለጥጃው ሲዳረስ ያልቃል፤ የእግሯ ተራ ሳይደርስ ይመሽ ነበር። ያን ቀን የመጨረሻው ወንድሜ ውሃ የመቅዳቱን ኃላፊነት ወሰደ፣ ክሩንም ያሰረው እሱ ነው። እብጠቱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ቀንሷል፣ ቁስሉ ደርቋል፣ የሚነሳባትም አልፎ አልፎ ነው። ገበያ ትሄዳለች።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ እኔም እንደ እናቴ ራሴን ችላ አልኩ። ባለፈው ክረምት ትኩሳት የያዘውን ልጄን ይዤ ጤና ጣቢያ ስሄድ የእኔንም የደም ግፊት ለኩኝ፦ 160 በ100። ከፍተኛ የሚባለው ከ140 በ90 ጀምሮ ነው። ምንም አላመመኝም ነበር፤ የደም ግፊት ክፋቱም ይኸው ነው፣ ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን ሳያሳምም ይጎዳል። «ሌላ ቀን ተመልሰሽ ተለኪ» ተባልኩ። የበጀት መዝጊያ ነበር፣ የልጆች ምዝገባ ነበር፣ ከዚያም የወላይታ አዲስ ዓመት፣ ጊፋታ ደረሰ። አራት ወር አልፎኝ አልተመለስኩም።

ለእናቴ ስነግራት እግሯን ከምትታጠብበት ሳፋ ቀና ብላ አየችኝ። «ያንቺን ውሃ ማን ይቀዳልሻል?» አለችኝ።

ያን ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ሳምንቱን ዘረዘርነው። ልጆቹን ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እሱ ሆነ። እኔ ባጃጁን ትቼ ቤቴ ካለበት እስከ ቢሮ 25 ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ፤ የሶዶ ዳገት ላብ ያስወጣል፣ ሰማዩ ሲጠራ ዳሞታ ተራራ ፊት ለፊት ይታያል። ዳጣውን ጨው እያሳነስኩ ነው የማዘጋጀው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን የሚመክረው ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ነውና ከዚህ ቀደም የምጨምረው ስንት እጥፍ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ጤና ጣቢያ ተመልሼ የታዘዘልኝን መድኃኒት የምውጠው ከቡና በፊት ነው። የክትትል ቀኔ ሐሙስ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ያሉት ባልደረቦቼ ያውቁታል፣ ስብሰባ ሲጠራም እዚያ ቀን ላይ እንዳይውል አሁን የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው።

የወጥ ቤቴ መደርደሪያ ላይ የመድኃኒት ብልቃጤ አለ። ትንሿ ልጄ ክዳኑ ላይ ቀይ ክር አስራበታለች።