ተጨማሪ መረጃ፦ የጉና ተራራ የአየር ጠባይ

የፋርጣ፣ የእስቴና የላይ ጋይንት ወረዳዎች የሚጋሩት የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የጉና ጫፍ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ደብረ ታቦር በ9 ዲግሪ ያህል ይበርዳል።

ክረምት፦ ማለዳ ብራ የነበረው ሰማይ ከቀትር በኋላ ይጠቁራል። እርጥቡ አየር ሞቆ ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመና፣ በረዶና መብረቅ ያስከትላል። ጉም ሲወርድ ጥቂት እርምጃ ፊት ለፊት የቆመው ጅብራ እንኳ አይታይም፤ መንገደኛ የሚጠፋውም ያኔ ነው።

በጋ፦ ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ መሬቱ ሙቀቱን በፍጥነት ያጣል፤ ጓሳው ሲነጋ ውርጭ ለብሶ ይታያል።

ወደ ጉና ስትወጡ ልብ በሉ!
• ጉዞውን በማለዳ ጀምሩ፤ ከቀትር በፊት መመለስ ጀምሩ።
• አካባቢውን የሚያውቅ ሰው አስከትሉ።
• የዝናብ ልብስና ደረቅ ቅያሪ ያዙ፤ የረጠበ ልብስ ከነፋስ ጋር ሰውነትን ቶሎ ያቀዘቅዛል።
• በብልጭታውና በነጎድጓዱ መካከል ያለውን ሰከንድ ቆጥራችሁ ለ3 አካፍሉ፤ ውጤቱ የመብረቁን ርቀት በኪሎ ሜትር ይነግራችኋል። ቆጠራው ከ30 ሰከንድ ካነሰ ከተረተሩ ፈጥናችሁ ውረዱ፤ ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።
• ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ወደ ላይ አትቀጥሉ፤ ካልተሻላችሁ ውረዱ።