ነጭ ሣር ፓርክ የሚጀምረው ከተራራው ነው

በዚህ እትም «አካባቢያችንን እንወቅ» በሚለው ዓምድ ስለ ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ እጽፍላችኋለሁ። «እሱንማ እናውቀዋለን፣ ከሴቻ ቁልቁል የሚታየው አይደል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። አዎ፣ እሱ ነው። ግን ብዙ ልጆች ፓርክ ሲባል የሚመስላቸው ቱሪስት በመኪና ገብቶ የሜዳ አህያ አይቶ የሚወጣበት ቦታ ብቻ ነው። እኔ ዛሬ የማስረዳችሁ ግን ፓርኩ ከግቢያችን ቧንቧ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ነው።

ፓርክ ስንት ዓይነት ነው?

በመጀመሪያ ቃሉን እንለይ። በከተማ ውስጥ አበባ ተተክሎበት፣ ወንበር ተደርጎለት ሰው የሚዝናናበት ቦታ መናፈሻ ይባላል። መናፈሻ የተሠራው ለሰው ነው። ብሔራዊ ፓርክ ግን የተከለለው ለዱር እንስሳት፣ ለዛፎችና ለውሃው ነው። እዚያ ባለቤቶቹ እነሱ ናቸው፣ እኛ እንግዶች ነን። እንግዳ ደግሞ የሰው ቤት ገብቶ እንደፈለገ አይሆንም።

ሌላው መጠለያ የሚባለው ነው። መጠለያ ብዙ ጊዜ አንድን የእንስሳ ዓይነት ለማዳን የሚከለል ቦታ ነው። ለምሳሌ የሰንቀሌ መጠለያ የተከለለው ለቆርኬ ነው።

እንዲሁም በጋሞ ደጋማ ቦታዎች አባቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያቆዩአቸው የተቀደሱ ደኖች አሉ። እዚያ ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው። አጥር የላቸውም፣ ስካውትም አይጠብቃቸውም፣ የሚጠብቃቸው ባህሉ ነው። ስለዚህ ተፈጥሮን መጠበቅ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ሁለቱ ሐይቆችና የእግዜር ድልድይ

ነጭ ሣር ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ስፋቱ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ከሐይቆቹም የተወሰነ ክፍል በውስጡ ይገኛል። በሰሜን አባያ ሐይቅ፣ በደቡብ ጫሞ ሐይቅ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ከፍ ያለ ጠባብ መሬት የእግዜር ድልድይ ይባላል። ድልድዩን አልፎ በስተምሥራቅ ያለው ሰፊ ሜዳ ሣሩ ሲደርቅ ከሩቅ ነጭ ይመስላል። ፓርኩም ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው።

በስተምዕራብ ደግሞ የጋሞ ተራሮች አሉ። ተራሮቹ ከባህር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላሉ። ሐይቆቹ ግን ያሉት በ1,100 እና በ1,200 ሜትር መካከል ነው። ስለዚህ ተራራው ላይ የዘነበ ዝናብ መውረጃው ወደ እኛ ነው። ይህን አስታውሱት፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

የምንጠጣው ውሃ ከየት ይመጣል?

የከተማችን ስም የመጣው ከገደሉ ሥር ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። አርባ የተባለው ብዙ ለማለት ነው ይላሉ ትልልቅ ሰዎች። ምንጮቹ ያሉት በፓርኩ ደን ውስጥ ነው። ውሃው በፓምፕ ተስቦ ወደ ሲቀላና ወደ ሴቻ ይመጣል። ስለዚህ እናንተ ፓርኩን አንድም ቀን ባትጎበኙት እንኳን ጠዋት ፊታችሁን የታጠባችሁት ከፓርኩ በወጣ ውሃ ነው!

ታዲያ ምንጩ ውስጥ ውሃውን ማን አስገባው? ዝናቡ ተራራው ላይ ይዘንባል። ተራራው ሣርና ዛፍ ካለው ውሃው ቶሎ አይሮጥም፣ ቀስ እያለ ወደ መሬት ይሰርጋል። ከዚያ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ለውስጥ ሄዶ ከገደሉ ሥር ብቅ ይላል። ተራራው ራቁቱን ከሆነ ግን ውሃው ወደ ውስጥ ከመግባት ይልቅ ላይ ላዩን ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። አፈሩንም ይዞት ይሄዳል።

ከምንጮቹ አካባቢ ያለው ደንም የሚኖረው በዚሁ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ሌላው ቦታ በበጋ ሲደርቅ እሱ አረንጓዴ ነው። ትልልቅ የሾላ ዛፎች አሉት። ጉሬዛና ጦጣ ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ፣ ዝንጀሮም ሞልቷል። ደኑም በተራው ምንጮቹን ይጠለላል፣ አፈሩን በሥሩ ይይዛል፣ ውሃው እንዳይደፈርስ ይረዳል። የኩልፎ ወንዝም ከተራራው ወርዶ በዚህ በኩል አልፎ ጫሞ ይገባል።

አባያ ለምን ቀላ?

ከላይ ሆናችሁ ስታዩ ጫሞ ሰማያዊ ይመስላል፣ አባያ ግን ቀይ ቡናማ ነው። ጎረቤታሞች ሆነው ለምን ተለያዩ? ምክንያቱ አፈር ነው። እንደ ብላቴ ያሉ ወንዞች ከደጋው ብረት ያለበት ቀይ አፈር ተሸክመው አባያ ይገባሉ። አፈሩ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ቶሎ አይዘቅጥም። ሐይቁ ትልቅ ሆኖ ሳለ ጥልቀቱ ብዙ ስላልሆነ ደግሞ ነፋሱ እያማሰለ ያደፈርሰዋል።

ይህን ቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሙሉ። አንዱ ውስጥ አንድ እፍኝ አሸዋ፣ ሌላው ውስጥ አንድ እፍኝ ቀይ አፈር ጨምሩና ነቅንቁ። አሸዋው ወዲያው ይወርዳል። ቀይ አፈር ያለበት ግን ብዙ ሰዓት ቆይቶም ደፍርሶ ታገኙታላችሁ። ያ ጠርሙስ ትንሹ አባያ ነው።

በፓርኩ ውስጥ ማን ይኖራል?

በሜዳው ላይ የሜዳ አህያ አለ። ቁጥቋጦው ውስጥ አጋዘንና ድኩላ አሉ። በሐይቁ ውስጥ ጉማሬና አዞ አሉ። ጫሞ ላይ አዞዎች ፀሐይ ለመሞቅ ተሰብስበው የሚተኙበት ቦታ የአዞ ገበያ ይባላል። ሻጭም ገዢም የሌለበት ገበያ! አዞ የራሱን ሙቀት እንደ እኛ ማመንጨት ስለማይችል ነው ፀሐይ የሚሞቀው። ሌላም የሚገርም ነገር አለ፤ የአዞ ጫጩት ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው እንቁላሉ ያለበት አሸዋ በሚኖረው ሙቀት ነው።

አንዲት ወፍ ደግሞ አለች። የሌሊት ወፍ አላልኩም፣ በሌሊት የምትበር ወፍ ነው ያልኩት። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች በነጭ ሣር ሜዳ መንገድ ላይ ሞታ አገኟት። የያዙት አንድ ክንፏን ብቻ ነበር። ክንፉን ሲመረምሩት ከሚታወቁት ወፎች ከአንዱም ጋር አልገጠመም። ስለዚህ በ1995 አዲስ ስም ተሰጣት። በላቲን የተሰጣት ስም ትርጉሙ «ክንፍ ብቻ» እንደ ማለት ነው። በዓለም ላይ ያሉ ወፍ አዋቂዎች የእኛን ሜዳ የሚያውቁት በዚች ክንፍ ነው።

አሁን ደግሞ የሚያሳዝነውን ልንገራችሁ። ፓርኩ ሲቋቋም አንዱ ዋና ምክንያት ቆርኬን ማዳን ነበር። ይህ የእኛ ቆርኬ ዛሬ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አይገኝም። በነጭ ሣር ግን ቁጥሩ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ሊጠፋ ደረሰ። አሁን ቆርኬ ማየት የፈለገ ሰው ወደ ሰንቀሌ ወይም ወደ ማዜ ፓርክ መሄድ ይሻለዋል። ከዚህ የምንማረው ቦታን ፓርክ ብሎ መሰየም ብቻውን እንስሳውን እንደማያድነው ነው።

ፓርኩን ምን ቸገረው?

አንደኛ፣ ማገዶ። በየቀኑ ከደኑ እንጨት ተሸክመው የሚወጡ እናቶችንና ልጆችን ሁላችንም እናያለን። ሁለተኛ፣ በሜዳው ላይ ብዙ ከብት ስለሚሰማራ የዱር እንስሳቱ ሣር ያንሳቸዋል። ሦስተኛ፣ በሐይቁ ላይ ቀዳዳው በጣም ጠባብ በሆነ መረብ ትንንሹን ቆሮሶ ሳይቀር ማጥመድ። ትንሹ አሳ ካለቀ ለከርሞ የሚወልደው ማነው?

ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። እንጨት የምትሸጥ እናት ደን ጠልታ አይደለም። የምትሸከመው ሸክም ከባድ ነው፣ የምታገኘው ብርም ትንሽ ነው። ከመካከላችን ደብተሩና ዩኒፎርሙ በእንጨት ገንዘብ የተገዛለት ተማሪ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «እንጨት ቆራጭ» እያልን ሰው መስደብ መፍትሔ አይሆንም። መፍትሔው ሌላ ሥራና ሌላ ማገዶ ማግኘት ነው። ለምሳሌ በግል መሬት ላይ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ ተክሎ መሸጥ፣ በየቤቱም እንጨት ቆጣቢ ምድጃ መጠቀም። ግማሽ ሸክም የሚበቃው ምድጃ ግማሽ ሸክም ዛፍ ያተርፋል።

እኛ ተማሪዎችስ?

1. ክረምት ላይ ችግኝ መትከል ብቻ ሳይሆን በበጋ ውሃ ማጠጣት። ተክለን የረሳነው ችግኝ አልተከልነውም ማለት ነው።
2. ዘመድ ጥየቃ ወደ ደጋ ስንሄድ ስለ ምንጮቹ መንገር። የላይኛው አገር እርከን ለታችኛው አገር ቧንቧ ነው።
3. ደኑና ሐይቁ ዳር ፌስታልና ሃይላንድ አለመጣል።
4. ቧንቧ ክፍት አይተን አለማለፍ።

ተራራው፣ ምንጩ፣ ደኑና ሐይቁ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። ከላይ ያለው ቀለበት ከተበጠሰ የታችኛው አይቀርም። የፓርኩ በር ላይ ጥበቃ ማቆም ጥሩ ነው፣ ተራራው ግን ከበሩ ውጭ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለ? ቧንቧው ሳይደርቅ አሁን እናስብበት።

እስቲ ራሳችሁን ፈትኑ
ሀ) በመናፈሻና በብሔራዊ ፓርክ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
ለ) በአባያና በጫሞ መካከል ያለው መሬት ምን ይባላል?
ሐ) የአባያ ውሃ ለምን ቀይ ቡናማ ሆነ?

መልሱን ከላይ ያላነበበ አያገኘውም! በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።