የዶፓሚን ምስል ምን ያሳያል፣ ምንስ ይሰውራል?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) በዳላስ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሳውዝዌስተርን የሕክምና ማዕከል ተመራማሪ ድዋይት ጀርመንና ባልደረቦቻቸው አንድ ጥናት አሳተሙ። በፓርኪንሰን ሕመም የሞቱ ሰዎችን አንጎል በስሱ እየቆረጡ፣ እንቅስቃሴን ለመቆጣጠር የሚረዳውን ዶፓሚን የተባለ የአንጎል ኬሚካል የሚያመርቱትን ህዋሳት በማይክሮስኮፕ እየለዩ፣ የት የት እንዳለቁ በኮምፒውተር ካርታ አወጡ። ከጸሐፊዎቹ ሁለተኛዋ፣ ስማቸው ለአማርኛ ጆሮ ባዕድ ያልሆነው ከብረተን ማናዬ ናቸው፤ በኋላ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሠርተዋል። ካርታው ጉዳቱ «ጥቁሩ አካል» በሚባለው የመካከለኛ አንጎል ክፍል ብቻ እንደማይወሰንና ወደ ጎረቤቶቹም እንደሚዘልቅ፣ በሽታው ግን ህዋሳቱን በዘፈቀደ ሳይሆን እየመረጠ እንደሚያጠቃ አሳየ።

ያ ከሞት በኋላ የተደረገ ቆጠራ ነው። ሐኪሞች የሚመኙት ሰውየው በሕይወት እያለ፣ እጁ መንቀጥቀጥ በጀመረበት ወቅት ማየት ነበር።

መንገዱን የከፈተው የ1960ው የቪየና ግኝት ነው። ኤሪንገርና ሆርኒኪቪች በሟች ሕመምተኞች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን ክፉኛ ማነሱን አረጋገጡ፤ ዛሬም ዋና የሆነው የሌቮዶፓ ሕክምና የመነጨው ከዚህ ነው። በ1983 ደግሞ በካናዳ ሃሚልተን ከተማ ጋርኔት፣ ፊርናውና ናህሚያስ ጨረር አፍላቂ ፍሎሪን ያዘለ ዶፓ (ዶፓሚን የሚሠራበት ንጥረ ነገር) ለሰው ወግተው፣ ዶፓሚን የሚጠራቀምበትን ስፍራ ፔት በተባለ ካሜራ አነሱ። በሕያው ሰው አንጎል ውስጥ ዶፓሚን ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር። ችግሩ የፍሎሪኑ ዕድሜ ነው። በየ110 ደቂቃው ግማሹ ስለሚጠፋ ማምረቻው ቅርብ ካልሆነ አይሠራም።

ለዚህም ነው በሆስፒታሎች የተለመደው ዳትስካን የሚባለው ሌላኛው ምርመራ የሆነው። አውሮፓ በ2000፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደግሞ በጥር 2011 ፈቀዱት። የሚወጋው መድኃኒት ከኮኬይን ጋር የሚዛመድ ውህድ ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት እስከ 2015 ድረስ ከአደገኛ ዕፆች መዝገብ ሳያወጣው ቆይቷል። የሚያጠምደው ዶፓሚንን ራሱን ሳይሆን፣ የነርቩ ጫፍ የተረጨውን ዶፓሚን መልሶ የሚሰበስብበትን በር ነው። ጫፉ ከሞተ በሩም ይጠፋል፤ ምስሉም ይደበዝዛል።

ምርመራው ቀኑን ይወስዳል። መጀመሪያ ታይሮይድ ዕጢ ጨረሩን እንዳይስብ አዮዲን ይሰጣል። ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በኋላ መርፌ ይወጋል፤ ከዚያ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ይጠበቃል። ካሜራው ሥር ያለ እንቅስቃሴ መተኛት ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። የሚወጣው ምስል በጤናማ ሰው አንጎል መሃል ሁለት የፈረንጅ ኮማ የመሰሉ ብርሃኖችን ያሳያል። በፓርኪንሰን የኮማው ጭራ አስቀድሞ ይጠፋና ነጥብ ብቻ ይቀራል፤ ጭራው ፑታመን የተባለው ክፍል ጀርባ ነውና።

ምስሉ በሽታው ገና በጀመረበት ጊዜ ያለው ትርጉምም እዚህ ላይ ነው። ጉዳቱ በአንድ ወገን ይበረታል፤ ቀኝ እጅ ከተንቀጠቀጠ የግራው አንጎል ይብስበታል። ምልክት ያላሳየው ወገን እንኳ ብዙ ጊዜ ቀንሶ ይገኛል። በ2013 ኮርዶወርና ባልደረቦቹ የሟቾችን አንጎል መርምረው፣ ሕመሙ ከታወቀ በ4 ዓመት ውስጥ የላይኛው ፑታመን የነርቭ ጫፎች ከሞላ ጎደል እንደሚያልቁ፣ ከህዋሶቹ አካል ግን የተወሰነው እንደሚቀር አሳዩ። ስለዚህ ዳላስ ውስጥ የተቆጠረው የህዋስ አካልና ካሜራ የሚያየው የጫፍ በር አንድ አይደሉም፤ ጫፉ ቀድሞ ይሄዳል። እኔ ይህን ልዩነት ሳይናገሩ ምስሉን «የህዋስ ቆጠራ» የሚሉትን አላምናቸውም።

ምስሉ የማይነግረን ብዙ ነው። የአሜሪካው የመድኃኒት አስተዳደር ዳትስካንን በ2011 የፈቀደውም ለጠባብ ጥያቄ ነው፤ መንቀጥቀጡ ብዙ ጊዜ በዘር የሚተላለፈው ዓይነት ነው ወይስ ዶፓሚን የጎደለበት? በ2022 አንድ ዓይነት የመርሳት በሽታ የተጠረጠረባቸውን ሰዎች መመርመርም ተጨመረበት። ዶፓሚን የጎደለበት ሁሉ ግን ፓርኪንሰን አይደለም፤ ሌሎች ክፉ የቅርብ ዘመዶቹም ያንኑ ምስል ይሰጣሉ። በተቃራኒው መድኃኒት ባመጣው መንቀጥቀጥ ምስሉ ጤናማ ሆኖ ይታያል። ይህን ለወገኖቼ አጥብቄ እናገራለሁ፤ ለማቅለሽለሽ የምንውጠው ፕላሲልና አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ፓርኪንሰንን በደንብ የሚመስል ምልክት ያመጣሉ። ጫት የሚቅም ሰውም ለሐኪሙ ይንገር፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር ዘመድ ነው፣ አምፌታሚን ደግሞ ምስሉን ያዛባል።

ከሁሉ ያስገረመው ኤልዶፓ የተባለው የ2004 ጥናት ነው። አዲስ ታማሚዎች ለ40 ሳምንት ሌቮዶፓ ወይም ባዶ ኪኒን ወሰዱ። ምስል ከተነሱት 142 ሰዎች የ21ዱ፣ ባለሙያዎች ፓርኪንሰን ብለዋቸው ሳለ፣ ምስላቸው ጤናማ ሆነ! ሌላው ደግሞ ይበልጥ ግራ የሚያጋባ ነበር። መድኃኒት የወሰዱት በእንቅስቃሴ ተሻሉ፤ በምስሉ ግን ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት 7.2 በመቶ ሲቀንሱ ባዶ ኪኒን የወሰዱት 1.4 በመቶ ብቻ ቀነሱ። መድኃኒቱ ህዋስ ገደለ ወይስ የበሮቹን ቁጥር ለወጠ? አንድ ምስል ብቻውን አይመልስም። ሕመምተኛውን ወንበር ላይ አስቀምጦ ጣቶቹን ማስነካካት፣ አካሄዱን ማየት አሁንም ያስፈልጋል።

ማይክል ጄ. ፎክስ ፋውንዴሽን በ2010 የጀመረው ትልቅ ጥናት ታማሚዎችን በየዓመቱ እየተከታተለ ነው። በ2023 ከዚሁ ጥናት በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ የተበላሸ አልፋ ሲኑክሊን የተባለ ፕሮቲን የሚለይ ምርመራ 88 በመቶ ገደማ የሚሆኑ ታማሚዎችን እንደያዘ ተዘገበ። ኤምአርአይም ጥቁሩን አካል በቀለሙ ሊያሳይ እየሞከረ ነው፤ ጨረር የሌለበት ስለሆነ እኔ ተስፋዬን የምጥለው በሱ ላይ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1990 ባሳተሙት ጥናት በመስቃንና ማረቆ ቤት ለቤት ዞረው 60,820 ሰው ሲመረምሩ የፓርኪንሰን ስርጭት ከ100,000 ሰው 7 ሆኖ አገኙት። ካሜራ አልነበራቸውም፤ በእጅና በዓይን ነው የለዩት። ቁጥሩ ማነሱ የሕዝቡን ወጣትነት ሳይቆጥሩ ሊነበብ አይገባም።

ወደ ዳላስና አካባቢዋ ወላጆቻቸውን ያመጡ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም፣ አባታቸው ሲዘገዩና ፊታቸው ሲደነዝዝ «እርጅና ነው» ብለው ዓመታት ያሳልፋሉ። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ደግሞ ስካን ካልታዘዘላቸው የተናቁ ይመስላቸዋል። አንድ እጅ የሚንቀጠቀጥ፣ አካሄዱ የዘገየና ሌቮዶፓ ግልጽ እፎይታ የሰጠው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ምስል ሳይነሳ ሕክምናውን ይቀጥላል፤ አዲስ አበባም ቢሆን ዳላስም ቢሆን።