ጭንብል ያጠለቀ ምስክር

የአሜሪካ የዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤት በ2003 እ.ኤ.አ. ኤክስ-ሜን የተባሉት የኮሚክስ ጀግኖች ሰዎች አይደሉም ሲል ፈረደ። ነገሩ የቀረጥ ነበር። ሰውን የሚመስል አሻንጉሊት 12 በመቶ፣ ሌላው መጫወቻ 6.8 በመቶ ይቀረጥ ስለነበር፣ የማርቭል ንዑስ ኩባንያ ቶይ ቢዝ «ዎልቨሪንና ጓደኞቹ ከሰው ወገን አይደሉም» ብሎ ተከራክሮ ረታ። በኮሚክሱ ውስጥ እነዚሁ ገፀ ባሕርያት ከ1963 ጀምሮ የሚታገሉት እንደ ሰው ለመቆጠር ነው። የቀረጥ ቅናሽ ሲመጣ ግን ባለቤቶቻቸው ካዷቸው።

ስለ ልዕለ ጀግኖችና ስለ ሕግ ብዙ ተብሏል፤ ጄምስ ዴይሊና ራያን ዴቪድሰን የተባሉ ጠበቆች በ2012 መጽሐፍ አሳትመውበታል። ሰው ቀድሞ የሚያስበው ስለ ጉልበታቸው ነው። እኔ ግን ጉልበቱ ቀላሉ ይመስለኛል። በቡጢ ግድግዳ ያፈረሰ ሰው ያው ንብረት ያወደመ ሰው ነው፤ አዲስ አንቀጽ አያሻውም። አስቸጋሪው ጭንብሉ ነው።

ስፓይደርማን ሌባውን በድሩ ጠቅልሎ የመንገድ መብራት ምሰሶ ላይ አንጠልጥሎት ይሄዳል። ፖሊስ ሲደርስ የሚያገኘው የተጠቀለለ ሰው ብቻ ነው። ሲሰርቅ ማን አየው? የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 6ኛ ማሻሻያ ተከሳሽ የመሰከሩበትን ሰዎች ፊት ለፊት እንዲጋፈጥ መብት ሰጥቶታል። ስሙም ፊቱም የማይታወቅ ምስክር እንዴት ተደርጎ መስቀለኛ ጥያቄ ይቀርብለታል? በ1954 ዓ.ም. የወጣው የእኛው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ማንኛውም ሰው ቢያንስ ሦስት ወር የሚያሳስር ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ያገኘውን እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ ግን አለበት። አንጠልጥሎ መሄድ ማስረከብ አይባልም።

የባትማን ጉዳይ ይብሳል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1921 በበርዶ እና ማክዳዌል ክርክር፣ ሕገ መንግሥቱ ከሕገ ወጥ ብርበራ የሚያግደው መንግሥትን እንጂ ተራ ግለሰብን እንዳልሆነ ወስኗል። ስለዚህ ባትማን በራሱ ተነሣሥቶ ቤት ሰብሮ ያመጣው ሰነድ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። የፖሊስ ኮሚሽነሩ ጎርደን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያንን የሌሊት ወፍ ምልክት ያለበት መብራት ሲያበራ ግን የጠራው ፖሊስ ነው፤ የተጠራውም የፖሊስ ወኪል ሊባል ይችላል። ጎበዝ ጠበቃ ያቺን መብራት ይዞ ክሱን ባዶ ያስቀረዋል።

የኮሚክሶቹ ደራሲዎችም ይህን አልዘነጉትም። በአለን ሙር «ዋችመን» ውስጥ በ1977 የወጣ ሕግ ጭንብል ለባሾችን ያግዳል። በማርቭል «ሲቪል ዎር» (2006–07) በስታምፎርድ ከተማ የደረሰ ፍንዳታ መቶዎችን ከፈጀ በኋላ ጀግኖቹ እንዲመዘገቡ ይገደዳሉ፤ ስፓይደርማንም ጋዜጠኞች ፊት ጭንብሉን ያወልቃል።

የሚና ጨዋታዎቹ አካሄድ ሌላ ነው። ጠረጴዛ ዙሪያ ዳይስ እየጣሉ ገፀ ባሕርይ ሆነው የሚጫወቱት እነዚህ ጨዋታዎች ሕጉን ወደ ነጥብ ይቀይሩታል። በ1981 የወጣው «ቻምፒየንስ» ምስጢራዊ ማንነትን እንደ ድክመት ይቆጥረዋል፤ ተጫዋቹም በምትኩ ለችሎታ የሚያውለው ነጥብ ያገኛል። በ1984ቱ የማርቭል ጨዋታ ደግሞ ሰው የገደለ ጀግና ያጠራቀመውን «ካርማ» በሙሉ ያጣል። ይግባኝ የለም፣ ቀጠሮ የለም። ብዙ ሕግ አውጪዎች የሚቀኑበት ቅልጥፍና ነው።

በእውነተኛው ዓለም የተሞከረም አለ። በ2011 ፊኒክስ ጆንስ በሚል ስም ጭንብል አጥልቆ የሲያትልን ጎዳናዎች ይጠብቅ የነበረ ሰው፣ የሚደባደቡ የመሰሉት ሰዎች ላይ የበርበሬ ስፕሬይ ረጭቶ ተያዘ። ፍርድ ቤት የቀረበው ከነጭንብሉ ነበር። አውልቅ ተባለ፤ አወለቀ። ዐቃቤ ሕግም ክስ ሳይመሠርትበት ቀረ።